ባቡር ያለፋት ወደብ፦ ከልጆች ጋር ወደ ታጁራ

ልጆችዎ ባሕር አይተው ያውቃሉ? ሐይቅ አላልኩም። ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ ቢሾፍቱን ሁላችንም በየተራ አዳርሰናል። ባሕር ማለቴ ነው፤ ሲቀምሱት ፊት የሚያጨማድደው፣ ጠዋት ሸሽቶ ማታ የሚመለሰው። የኛዎቹ ሁለቱ አላዩም ነበር። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሰባት። የዓለምን ውቅያኖሶች ስም በቃላቸው ያነበንባሉ፤ እግራቸውን ግን አንዱም ውስጥ ነክረው አያውቁም።

«ባሕር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዱባይን ወይም ዛንዚባርን ነው። የአውሮፕላን ትኬቱን ለአምስት ሰው ሲያባዙት ደግሞ ሐሳቡ ለከርሞ ይተላለፋል። እኛም ሁለት ዓመት ካስተላለፍነው በኋላ ነው ባለቤቴ ካርታውን ዘርግቶ «እዚህ አጠገባችን ያለውን ለምን እንዘለዋለን?» ያለው። ጣቱ ያረፈው ጅቡቲ ላይ ነበር። እኔ ግን ከጅቡቲ ከተማ ትንሽ ወደ ላይ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችውን ነጥብ አየሁ፤ ታጁራ። ስሟን ከታሪክ መጽሐፍ ነበር የማውቀው። የሸዋ ነገሥታት ነጋዴዎች፣ የአንኮበር መልእክተኞች፣ የምኒልክ ጠመንጃዎች ሁሉ በእሷ በኩል አልፈዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ብዬ አላጋንንም። ታጁራ ትንሽ ናት። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ከልጅ ጋር እየተንቀራፈፉ ቢሄዱ እንኳን አንድ ጠዋት አይፈጅም። የገበያ ማዕከል፣ የውኃ መናፈሻ፣ ልጅ የሚያዝናና መሣሪያ የለም። ያላት ነጭ ኖራ የተቀቡ ቤቶች፣ ሰባት መስጊዶች (ሰዎቿ «የሰባቱ መስጊዶች ከተማ» ይሏታል)፣ ጥቂት የቴምር ዛፎች፣ ጀልባዎች የታሰሩበት ዳርቻ፣ ከኋላዋ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ መስሎ የቆመው የጎዳ ተራራ ነው። ሦስት ቀን ቆየን። ልጆቹ ስለ ሦስቱ ቀናት እስከ ዛሬ ያወራሉ።

እንዴት ይደርሳሉ?

ሁለት ምርጫ አለዎት። አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ባቡሩ 752 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ረጅም ቀን ነው፤ ከአዋሽ በኋላ ያለው ሙቀትና አቧራም ትዕግሥት ይፈልጋል። ልጆችዎ ከስድስት ዓመት በላይ ከሆኑ ግን ቢያንስ አንዱን ጉዞ በባቡር ያድርጉት እላለሁ። ደጋው ቀስ በቀስ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ዛፉ ሲያጥር፣ ግመሎች ሲበዙ በመስኮት ማየት ከአንድ ዓመት የጂኦግራፊ ትምህርት ይበልጣል። እኛ በባቡር ወርደን በአውሮፕላን ተመለስን። የአማቴ ጉልበት ሁለተኛ የባቡር ቀን አይችልም ነበርና።

ፓስፖርት፣ ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ያዘጋጁ፤ ለሕፃናቱም ጭምር። ቪዛውን ቤትዎ ሆነው ከመነሳትዎ በፊት ይጨርሱት። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ይመነዘራል። አገሩ ውድ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። የታሸገ ውኃ እንኳን ዋጋው ያስደነግጣል፤ ውኃ ደግሞ እዚያ የሚቆጥቡት ነገር አይደለም።

ወቅቱን በተመለከተ ድርድር የለም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከልጅና ከአዛውንት ጋር የሚሞከር አይደለም። የክረምት ዕረፍታቸው ከዚህ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ገናን ወይም የሴሚስተሩን ዕረፍት መጠበቅ ነው።

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ታጁራ በተወሰኑ ቀናት መኪናም ሰውም የሚጭን ትልቅ ጀልባ አለ፤ ባሕረ ሰላጤውን በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያቋርጣል። ሌላው መንገድ ባሕረ ሰላጤውን በመኪና መዞር ነው። የእኔ ምክር፦ በመኪና ሄደው በጀልባ ይመለሱ። ምክንያቱን አሁን ያዩታል።

የጨው ሐይቅ

ከጅቡቲ ከተማ ሲወጡ መንገዱ የከባድ መኪና ወንዝ ነው። ልጆቹ ሰሌዳ መቁጠር ጀመሩ፤ «ኢት፣ ኢት፣ ኢት…»። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ የሳሎናችን ቴሌቪዥን ሳይቀር በዚህ መንገድ ነው የሚመጣልን። ትንሹ ልጄ ሰማንያ ሦስት ላይ ደክሞት ተወው። ከዚያ ሾፌራችን ወደ ቀኝ ታጠፈና የመኪናው ጫጫታ በአንዴ ጠፋ። ቀሪው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ እሳተ ገሞራ ትናንት የተፋው የሚመስል።

ትናንት ማለት ይቻላል። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ እዚህ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 ነው። መሬቱ የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ነዎት፤ ወደ እኛ ስምጥ ሸለቆ የሚወጣው ስንጥቅ፣ የቀይ ባሕሩና የኤደን ባሕረ ሰላጤው የሚገናኙት በዚሁ በአፋር ምድር ነው። ከመንገዱ ዳር ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ጉቤት የተባለው ጥቁር ሰማያዊ የባሕር ቋት ይታይዎታል። በሌላው በኩል ደግሞ ነጭ ቀለበት ያጠለቀ አረንጓዴ ሐይቅ፤ አሳል።

አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ውኃው ከባሕር ውኃ በአሥር እጥፍ ገደማ ይጨውማል። ከጉቤት የባሕሩ ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፣ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። ለልጅ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ሳይንስ ነው። ዳርቻው ላይ በተፈጥሮ እንደ ዶቃ የተድቦለቦለ ጨው ይገኛል፤ የአካባቢው ሰዎች በትንንሽ ከረጢት ይሸጡታል። ቢገዟቸው ደግ ነው፤ በዚያ ሐሩር ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚውሉት።

አንድ ነገር ከእኛ ስሕተት ይማሩ። ልጆቹን በነጠላ ጫማ አወረድናቸው። ጨው ለስላሳ ይመስላል እንጂ ጫፉ ምላጭ ነው። ትንሹ ተረከዙን ተሸነተረ፤ በጨው ውኃ ላይ ቁስል ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ልንገርዎ አያስፈልገኝም። ጩኸቱ ጉቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የተዘጋ ጫማ ያድርጉላቸው፤ አሮጌውን፤ ከዚያ በኋላ ስለማያገለግል። መታጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውኃም በጀሪካን ይጫኑ።

አማቴ ከመኪናው ጥላ ሥር ሆነው አንዷን የጨው ዶቃ ወደ አፋቸው ከተቱ። ዝም ብለው ቆዩና «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን የተናገሩት ነገር የጉዟችንን መልክ ቀየረው። ተወላጅነታቸው ከአንኮበር በታች፣ ከአሊዩ አምባ ወዲያ ነው። «እናቴ ‹የአዳል ጨው› የሚሉት ነገር ነበራቸው» አሉ። «ከቆላ በግመል የመጣ ነው ይሉ ነበር። እኔ ቆላ ሲሉ ከኮረብታው ሥር ያለውን ነበር የሚመስለኝ።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ላቅና። እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው የመጣው ከሰሜን፣ ከዳሎል አካባቢ ነው። ከአሳል ወደ ሸዋ ይጫን የነበረው ሌላ ነው፤ በዘንባባ ቅጠል ከረጢት የታጨቀ ልቅ ጨው። የአፋር ሲራራ ነጋዴዎች ከዚህ ጭነው ሳምንታት በበረሃ ተጉዘው አሊዩ አምባ ገበያ ያራግፉታል። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ሥር፣ የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። ሲመለሱ እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ ይዘው ይወርዳሉ። ሌላም ይዘው ይወርዱ ነበር፤ እደርስበታለሁ።

ከተማዋ

ታጁራ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። የሰባቱ መስጊዶች አዛን አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሲወጣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። በማግስቱ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ለእግር ጉዞ ወጣን። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ከተማው ይተኛል፤ ከሰዓት ደግሞ የሚነቃው ጫት ሲመጣ ነው። ያ ጫት ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎ? ከእኛው አገር፣ በየቀኑ።

የታጁራ ሰው አፋር ነው። ሱልጣን አላቸው፤ ማዕረጉ «ደርዳር» ይባላል። ደርዳሩ ሲሞት የሚተካው ልጁ አይደለም፤ «ባኖይታ» የተባለው ምክትሉ ነው። አዲሱ ባኖይታ ደግሞ ከሟቹ ቤተሰብ ይመረጣል። ሥልጣን በሁለት ቤት መካከል ይመላለሳል ማለት ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ «የተራ አለቃ!» አለች፤ ክፍላቸው ውስጥ በሳምንት የሚለዋወጠውን አስታውሳ።

አለባበስዎን ይጠንቀቁ። ትንሽና ጨዋ የእስላም ከተማ ናት፤ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። ሰው ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ቋንቋ አያስጨንቅዎት፤ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ በሚነገርበት ከተማ ላይ ቢያንስ አንድ አማርኛ የሚችል ሰው በየሱቁ ደጅ ያጋጥምዎታል። እኛን ያስጎበኘን ጎልማሳ አማርኛውን የተማረው ደሴ ላይ ነው።

ምግቡ ዓሣ ነው። በተለይ የየመን አሠራር የሚባለውን ይሞክሩ፦ ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተለቅልቆ፣ እንደ ጉድጓድ ባለ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠበሳል፤ ከትልቅ ስስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ልጆቹ በእጃቸው ጨረሱት። ችግሩ የሄድንበት ጊዜ ጾመ ነቢያት መሆኑ ነበር፤ «ዓሣ ይበላል አይበላም» የሚለው ክርክር ቤታችን ውስጥ አርባ ዓመት የዘለቀ ስለሆነ ታጁራ ላይም አልተፈታም። አማቴ ሦስቱን ቀን በፉል፣ በሩዝና በቴምር ዘለቁት፤ አንዴም አላማረሩም። ባለቤቴ ከእናቱ ፊት ለፊት ዓሣ ሲበላ ግን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ዳርቻውን ይዘው ሲሄዱ ለልጆች የሚነገር ብዙ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840 የታጁራ ሱልጣን ከባሕረ ሰላጤው መግቢያ ያለችውን ሙሻ ደሴት ለእንግሊዞች በአሥር ከረጢት ሩዝ ሸጠላቸው። ልጄ ወዲያው ሩዙን በኪሎ ማስላት ጀመረች። በቀጣዩ ዓመት ሜጀር ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ከመድፍና ከስጦታ ጋር ከዚሁ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ተጓዘ። ሙቀቱን ሽሽት በሌሊት ይሄዱ ነበር፤ አሳልን ካለፉ በኋላ ሦስት ሰዎቻቸው በተኙበት ተገድለውባቸዋል። አንኮበር ሲደርሱ ሐምሌ ሆኖ ነበር።

ሐረር ሄደው «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ሙዚየም ጎብኝተው ይሆናል። ያ ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ተቀምጧል። ግጥሙን ከተወ ቆይቶ ነበር፤ ሥራው ጠመንጃ ለምኒልክ መሸጥ ነው። ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ አከማችቶ፣ ግመል አጥቶ፣ ፈቃድ ተከልክሎ፣ ሸሪኩ ሞቶበት፣ በመጨረሻ በጥቅምት 1886 ተነሣ። አንኮበር የገባው ከአራት ወር በኋላ ነው። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዋጋውን ቀንሰው፣ የሟቹን ሸሪክ ዕዳም አስልተው ከፈሉት፤ ከስሮ ተመለሰ። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ሲያወራ የሚስቀው ሳቅ ከነጋዴ ቤተሰብ የመጣ መሆኑን ያሳብቅበታል።

ታዲያ እንዲህ ያለች ወደብ ለምን ትንሽ ሆና ቀረች? መልሱ እርስዎ የመጡበት ባቡር ነው፤ ይኸው አሁን ያለው ሳይሆን አያቱ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1888 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የጅቡቲን ከተማ መሠረቱ። ሐዲዱ በ1897 ከዚያ ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የግመል ሲራራ ማን ይጠብቃል? ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ታጁራና አሊዩ አምባ ደግሞ ባቡር ያለፋቸው እኅትማማቾች ናቸው። በ2017 ከከተማዋ ጥግ አዲስ ወደብ ተከፍቷል፤ የታሰበው ለእኛው ፖታሽ ነው። ከአሮጌው ዳርቻ ሆነው ክሬኖቹ ይታያሉ።

ልጄ የጠየቀችው

ቅድም «ሌላም ይዘው ይወርዱ ነበር» ብዬ ያለፍኩትን አሁን ልንገርዎ። ይህንን ሳይዙ ታጁራ ላይ ልጆችዎን ይዘው እንዳይቆሙ እፈልጋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ዳርቻው ላይ ተቀምጠን ነበር። ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ገብተው ወጥተዋል፤ ፀጉራቸው በጨው ደርቋል። አስጎብኚያችን ባለቤቴን በፈረንሳይኛና በአማርኛ እያደባለቀ ስለ ሲራራ ንግድ እያወራው ነው። ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱ ቀጥሎ አንድ ቃል ተናገረ። ልጄ ሰማችው።

«እማ፣ ሰው ነው ያለው? ሰው ይሸጡ ነበር?»

ራምቦ ራሱ ከዚህ ለቤተሰቡ ሲጽፍ የከተማዋ ንግድ የባሪያ ንግድ መሆኑን ገልጿል። ይህን አውቅ ነበር። ለልጄ እንዴት እንደምነግራት ግን አላሰብኩበትም። እኛ ቤት ስለ አሜሪካ ባርነት ፊልም አብረን አይተናል፤ በመርከብ ከምዕራብ አፍሪካ ስለተወሰዱት ታውቃለች። ስለዚህኛው ነግሬያት አላውቅም። ማንም ለእኔም አልነገረኝም፤ በትምህርት ቤት ታጁራ ለእኔ የጠመንጃ ወደብ ነበረች።

«አዎ» አልኳት። «ከእኛ አገር።»

«ማን ሸጣቸው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ይወቁት። ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ሁለተኛ ጥያቄ ነው። «ዓረቦች» ብሎ መገላገል ይቀላል፤ አማረኝም። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ብዙዎቹ ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ወንድና ሴት ልጆች ነበሩ። የሚይዟቸው የራሳችን አገር ሰዎች ናቸው፤ በዘመቻ፣ በአፈና፣ በዕዳ። ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጡ ሸዋ ይደርሳሉ። የሸዋ ንጉሥ ከንግዱ ቀረጥ ይወስድ ነበር። ከአሊዩ አምባ በኋላ የሲራራው ነጋዴ ይረከባቸዋል፤ በእግራቸው ያንን ቅድም በመኪና የወረድነውን በረሃ አቋርጠው እዚህ ይደርሳሉ። ከዚህ በጀልባ ወደ የመንና ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ። ይህን ሁሉ በአጭር በአጭሩ ነገርኳት። ቃል አላለሰለስኩም፤ ዝርዝሩንም አላበዛሁም።

ብዙ ዝም አለች። ትንሹ አሸዋ ይቆፍራል።

«ልጆቹ በእኔ ዕድሜ ነበሩ?»

«አንዳንዶቹ።»

«እነሱም ባሕር አይተው አያውቁም ነበር፣ አይደል? ከደጋ ከመጡ። መጀመሪያ ያዩት እዚህ ነው።»

ምን ይመልሱላታል? እኔ መልስ አልነበረኝም። አማቴ ናቸው እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው «አዎ የኔ ልጅ፣ እዚሁ ነው» ያሏት። እሳቸው የተወለዱበት ቀዬ እነዚያ ልጆች ያለፉበት መንገድ ላይ መሆኑን እኛ ሦስታችን አዋቂዎች አውቀን ነበር፤ ማናችንም አልተናገርነውም። ማታ ሆቴል ስንገባ ግን አማቴ ራሳቸው አነሱት። በልጅነታቸው ስለ ዘር ማንዘሩ የማይጠየቅ አንድ ቤተሰብ ሰፈራቸው ውስጥ እንደነበር፣ ከእነሱ ጋር ጋብቻ እንደማይደረግ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቀው እንደማያውቁ ነገሩን። «ዛሬ ገባኝ» አሉ። በሰማንያ ዓመታቸው።

ልጆችዎ ከዘጠኝ ዓመት በታች ከሆኑ ይህንን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይችላሉ። ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ይጀምሩት፤ እንደ እኔ ዳርቻ ላይ አይያዙ። ታሪኩን ለአንድ ወገን አያሸክሙት። ሐፍረቱም ሐዘኑም የብዙ ሰው ነው፤ የያዘው፣ የቀረጠው፣ የሸጠው፣ የገዛው፣ የተሸጠው። የተሸጡት ዘመዶች ዛሬ በክፍላቸው አብረዋቸው የሚማሩ ልጆች መሆናቸውን ይንገሯቸው።

በቀሪው ጊዜ

ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሳብል ብላን፣ «ነጭ አሸዋ» ማለት ነው፣ የሚባል የመዋኛ ዳርቻ አለ። ልጆችዎ ከዚያ መውጣት አይፈልጉም። ውኃው ጥልቀት ሳይኖረው ሩቅ ይሄዳል፤ የመዋኛ መነጽር ካደረጉላቸው ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ኮራልና ባለ ቀለም ዓሣ ያያሉ። ጥላ ጥቂት ነው፤ ኮፍያ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ይያዙ። ከሚያስቡት ሦስት እጥፍ ውኃም ይጨምሩ። ኮራል ላይ እንዳይቆሙ ይንገሯቸው፤ ለኮራሉም ለእግራቸውም።

ተራራው ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ሁለቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያስፈልጋል። በራንዳ በኩል ወደ ጎዳ ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ አማቴ «አሁን ገና ሰው አገር ገባን» አሉ። ላይ፣ የጎዳ ጫፍ ከ1,700 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ እዚያ ዳይ የሚባል የጥድ ጫካ አለ። በዚያ በረሃ መካከል የሐበሻ ጥድ! ያሳዝናል ግን፤ ብዙው ደርቆ እንደ አጥንት ቆሟል። ከዓለም ሁሉ እዚህ አገር ብቻ የምትገኝ የቆቅ ዘር በዚሁ ጫካ ትኖራለች፤ እኛ ድምጿንም አልሰማንም። ጊዜ ካጠረዎት ይህንን ይተዉትና ሁለተኛ ቀን ባሕሩ ላይ ይዋሉ። እኔ ብሆን እንደዚያ አደርጋለሁ።

ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። ስሙ ያስፈራል እንጂ በብዛት የሚበላው ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። በጀልባ የሚወስዱ አሉ፤ የሚነሡት ግን በብዛት ከጅቡቲ ከተማ በኩል ነው። ዋና በደንብ የማይችል ልጅ ከጀልባው ላይ ሆኖ ይመልከት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ልኩ የሆነ የሕይወት አድን ሰደርያ ካላሳዩዎት ጀልባው ላይ አይውጡ። እኛ አንዱ ላይ ለትንሹ የሚሆን ሳይኖር ቀርቶ ተመልሰናል። አልቅሷል፤ ያልቅስ።

ስንመለስ በጀልባው መጣን። ከኋላ በኩል ቆመው ሲያዩ ታጁራ መጀመሪያ ቤቶቿ፣ ከዚያ መስጊዶቿ ይጠፋሉ፤ ተራራው ግን ረጅም ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ትንሹ የጨው ከረጢቱን ታቅፎ አያቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ልጄ ሐዲዱን ተደግፋ ውኃውን ታያለች። ቀዝቃዛ ውኃ ወስጄላት አጠገቧ ቆምኩ።

«እማ፣ እነሱ ወዴት በኩል ነው የሄዱት?»

የመንን በጣቴ አሳየኋት። ወደ ምሥራቅ፣ ባሕረ ሰላጤው ወደሚከፈትበት። ጅቡቲ እስክንደርስ ፊቷን ከዚያ አላዞረችም።